ስለ አንድ ሰርብ የእግር ኳስ አሠልጣኝና ስለ ቡናው አገር ወጣቶች

(በሬዲዮ የተነገረ)



ለዛሬው ንግግሬ የመረጥሁት አርእስት በመጀመሪያ ሲሰሙት ከመንገድ የወጣ ይመስላል። አሠልጣኝ ሚሉቲን ስሬዶዬቪች የሚባሉ አንድ የሰርቢያ ሰው በአፍሪካ አገሮች እየተዘዋወሩ ስለ ሠሩት የእግር ኳስ ሥራ ነው የምናገረው። ይህ ነገር በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፣ በበበቃና በሸኮ ለሚኖረው ቡና ለቃሚና ቡና አጣቢ፣ ለነጋዴውና ለአስተማሪው ምን ይጠቅመዋል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴንም በአንድ ጊዜ ከማቅረብ ይልቅ ነገሩ እየተተረከ ሲሄድ ራሱ እንዲመልስ ብተወው ይሻላል። ለጊዜው ግን ይህን ያህል ልበል፤ በእነዚህ ከተሞች ውስጥ እሑድ ከቀትር በኋላ ሬዲዮ የሚከፍት ቤት ሁሉ ለሁለት የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን የቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሁለተኛው ወገን የኢትዮጵያ ቡና ነው። ቡናን ተክሎ፣ ለቅሞና አድርቆ የሚኖር ሕዝብ ሁሉ የቡና ክለብ ደጋፊ ነው ብሎ የሚገምት ሰው ቴፒን አያውቃትም። ስማቸውን የጠራሁት ሰውም የእነዚህን ሁለት ወገኖች ደስታና ኀዘን ለስድስት ዓመታት ያህል በእጃቸው ይዘው የነበሩ ሰው ናቸው።

ዘመን ስጠቅስ ግራ እንዳይገባችሁ አስቀድሜ ላስታውቅ። ስለ አገራችን ውድድር ስናገር ዓመተ ምሕረት ብዬ በእኛ አቆጣጠር እናገራለሁ፤ የቀረው ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሰርቢያ ቀድሞ ዩጎዝላቪያ ይባል የነበረው መንግሥት አንድ ክፍል ነበረች። የዩጎዝላቪያ ሰዎች ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደሉም፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ቤልግሬድን ጎብኝተው ነበር፤ ማርሻል ቲቶም በ1955 መጨረሻ አዲስ አበባ ገብተው ጉብኝታቸውን መልሰዋል። ከዚያ ወዲህ የዚያ አገር ሐኪምና መሐንዲስ በልዩ ልዩ ሥራ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። ከሐኪሙና ከመሐንዲሱ ቀጥሎ አፍሪካ ከዩጎዝላቪያ ያገኘችው ሦስተኛው ባለሙያ የኳስ አሠልጣኝ ነው። ብላጎዬ ቪዲኒች የሚባሉት የዩጎዝላቪያ ሰው በ1970 ሞሮኮን፣ በ1974 ደግሞ ዛኢርን ለዓለም ዋንጫ አድርሰዋል። ከሰርቦቹ መካከል ቦራ ሚሉቲኖቪች በአምስት የዓለም ዋንጫ ውድድሮች አምስት የተለያዩ አገሮችን መርተዋል፤ እነርሱም ሜክሲኮ፣ ኮስታ ሪካ፣ አሜሪካ፣ ናይጄሪያና ቻይና ናቸው። ሚሎቫን ራዬቫች ደግሞ በ2010 በደቡብ አፍሪካ ጋናን እስከ ሩብ ፍጻሜ አድርሰዋል።

ይህ ሁሉ አሠልጣኝ ከአንድ ትንሽ አገር ለምን ይፈልቃል? አንዱ ምክንያት በዚያ አገር አሠልጣኝነት እንደ ማንኛውም ሙያ በትምህርት የሚገኝ በመሆኑ ነው። ኳስ መጫወት የተወ ሰው ሁሉ በማግሥቱ አሠልጣኝ አይባልም፤ ተቀምጦ ይማራል፣ ይፈተናል። ሌላው ምክንያት ግን የሚያሳዝን ነው። በ1991 ቀይ ኮከብ የሚባለው የቤልግሬድ ክለብ የአውሮፓን ሻምፒዮኖች ዋንጫ ባነሣበት ዓመት ዩጎዝላቪያ መፈራረስ ጀመረች። ጦርነት መጣ፣ የንግድ ማዕቀብ መጣ፣ በ1999ም የአየር ድብደባ ተከተለ። ሙያ ያለው ሰው ሙያውን ይዞ እንጀራ ወዳለበት ተሰደደ። ስለ ስደተኛ ባለሙያ ስናወራ እኛ ኢትዮጵያውያን ብዙ ማስረጃ አያስፈልገንም፤ የምናውቀው ነገር ነው።

በ1969 የተወለዱት ሚሉቲን ስሬዶዬቪች ወደ አፍሪካ የመጡት በዚህ ዘመን ነው። በጨዋታ ዘመናቸው ስማቸው የገነነ ተጫዋች አልነበሩም። በ2001 ኡጋንዳ ገብተው ኤስ ሲ ቪላ የሚባለውን የካምፓላ ክለብ ያዙ፤ ገና ሠላሳ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም ነበር። ቪላ በእርሳቸው ዘመን የአገሩን ሻምፒዮናነት ደጋግሞ አገኘ። ረጅሙ ስማቸው አጥሮ «ሚቾ» ይባላሉ። እኔም ከእንግዲህ ወዲያ ምላሴ እንዳይደናቀፍ በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

በ2004 ቅዱስ ጊዮርጊስ ሚቾን ወደ አዲስ አበባ አመጣቸው። አሁን በምናገረው ላይ እባካችሁ ጆሮአችሁን አቅኑ፤ ቁጥሩ ራሱ ታሪክ ይናገራልና። በ1997 ዓ.ም. ቅዱስ ጊዮርጊስ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሆነ፤ በ1998 ዓ.ም. ደገመ። ሚቾ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዱ፤ በ1999 ዓ.ም. ዋንጫው ወደ አዋሳ ሄደ። ሚቾ ተመለሱ፤ በ2000፣ በ2001ና በ2002 ዓ.ም. ሦስት ጊዜ በተከታታይ ጊዮርጊስ አሸነፈ። በ2010 ሚቾ ወደ ሱዳን ሄዱ፤ በ2003 ዓ.ም. ዋንጫውን ኢትዮጵያ ቡና ወሰደ።

የጊዮርጊስ ደጋፊ ይህን ሲሰማ «አላልኋችሁም?» ይላል። ነገር ግን ሚዛናዊ ፍርድ እንስጥ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ፣ ገንዘብም ደጋፊም ያለው ክለብ ነው፤ ያለ ሚቾም ብዙ ጊዜ አሸንፏል፤ ከእርሳቸው በኋላም በ2004 ዓ.ም. ዋንጫውን መልሶ ወስዷል። ጥሩ መሬት ላይ ያረፈ ችግኝ ሲያፈራ ምስጋናው ለተካዩ ብቻ አይደለም። ቢሆንም አንድ ሰው በሄደ ቁጥር ዋንጫ አብሮት ከቤት ሲወጣ፣ በተመለሰ ቁጥር ሲመለስ፣ ይህ ሁሉ አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍም ለራስ መዋሸት ይሆናል።

ለእኔ ግን ከአምስቱ ዋንጫ ይልቅ ትልቅ ሆኖ የሚታየኝ ሌላ ሥራቸው ነው። በ2005 አንድ የሃያ ዓመት የኡጋንዳ በረኛ ከኤስ ሲ ቪላ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ መጣ። ስሙ ዴኒስ ኦንያንጎ ነው። በአዲስ አበባ ስታዲየም ያኔ ያዩት ሰዎች ቁመቱንና እጁን እንጂ መድረሻውን አላወቁም። አንድ የውድድር ዘመን ተጫውቶ ወደ ደቡብ አፍሪካ አለፈ፤ ከብዙ ዓመት ትዕግሥት በኋላ በ2016 ከማሜሎዲ ሳንዳውንስ ጋር የአፍሪካን የክለቦች ሻምፒዮና ዋንጫ አነሣ፤ በዚያው ዓመትም በአፍሪካ ምድር ከሚጫወቱት ሁሉ የበለጠ ተብሎ ተሸለመ። በረኛ ለእንዲህ ያለ ሽልማት መብቃቱ ከብርቅ የሚቆጠር ነው። አንድን ወጣት ከማደጉ በፊት አይቶ ማወቅ፣ አውቆም ከአገር አገር ይዞ መሄድ፣ በአሠልጣኝነት ሥራ ውስጥ በዋንጫ ቁጥር የማይለካው ክፍል ይህ ነው።

አሁን ጥቂት ዓመታትን በፍጥነት ላልፋቸው ነው። በ2006 በጆሃንስበርግ ኦርላንዶ ፓይሬትስን ይዘው በአፍሪካ ሻምፒዮኖች ሊግ ክለቡ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ከዚያ በታንዛኒያ ያንግ አፍሪካንስ ዘንድ አጭር ቆይታ አድርገው፣ አስቀድሜ እንዳልሁት፣ ወደ ጊዮርጊስ ተመለሱ። በ2011 የኦምዱርማን አል ሂላል በዚያው የአህጉር ውድድር እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በቱኒዚያው ኤስፔራንስ ተሸነፈ። በኅዳር 2011 የሩዋንዳን ብሔራዊ ቡድን ተረከቡ፤ በወሩ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሰው በፍጹም ቅጣት ምት በኡጋንዳ ተሸነፉ። በ2013 መጋቢት ሩዋንዳ በሜዳዋ በማሊ ሁለት ለአንድ ተረታችና አሠልጣኙ ተሰናበቱ። የአሠልጣኝ ኑሮ ይህ ነው፤ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ሁልጊዜ ዝግጁ ሆኖ ይቀመጣል።

በግንቦት 2013 ኡጋንዳ እንደገና ጠራቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ግን ክለብ ሳይሆን መላው አገር ነው። ኡጋንዳ በ1978 በአፍሪካ ዋንጫ እስከ ፍጻሜ ደርሳ በጋና ተሸንፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ጊዜ ለአፍሪካ ዋንጫ አልበቃችም። በየሁለት ዓመቱ ሕዝቡ ተስፋ ያደርጋል፤ በየሁለት ዓመቱ በመጨረሻው ጨዋታ ላይ ተስፋው ይቆረጣል። ሚቾም ቢሆኑ በመጀመሪያው ሙከራቸው ለ2015ቱ ውድድር ሳያልፉ ቀሩ። በሌላ አገር ቢሆን ኖሮ በዚያው ይሰናበቱ ነበር። ኡጋንዳ ግን ታገሠች። በመስከረም 4 ቀን 2016 በካምፓላ ናምቦሌ ስታዲየም ኮሞሮስን አንድ ለባዶ አሸነፉ፤ ግቡን ያስገባው ፋሩክ ሚያ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት የተዘጋ በር ተከፈተ። ጎልማሶች አባቶቻቸው ይተርኩላቸው የነበረውን ነገር በዓይናቸው አዩ።

በጥር 2017 ጋቦን ላይ ኡጋንዳ በጋናም በግብፅም አንድ ለባዶ ተሸንፋ ከማሊ ጋር አንድ ለአንድ ወጣች። ከምድቡ አላለፈችም። ነገር ግን የግብፅ ግብ የገባው ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ ያህል ሲቀር ነው፤ ጋናም ያሸነፈችው በፍጹም ቅጣት ምት ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የ2016 ምርጥ ብሔራዊ ቡድን ብሎ የሸለመው ኡጋንዳን ነበር። በዚያ ቡድን በር ላይ የቆመው ማን ነው ብትሉኝ፣ ያው በ1998 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያየነው ዴኒስ ኦንያንጎ ነው። እንግዲህ በሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ያልተገኘው ነገር የተገኘው አንድ አሠልጣኝ ያወቀውን ልጅ አሥራ አንድ ዓመት ከጠበቀ በኋላ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሆነው ግን ለኡጋንዳ ብቻ ሳይሆን ለእኛም ለብዙዎቻችን የሚያሳፍር ነው። በሐምሌ 2017 ሚቾ ሥራቸውን ለቀቁ፤ ምክንያታቸውም ደመወዛቸው ለወራት ሳይከፈል መቅረቱ ነበር። አንድ አገር አሠልጣኙን ሲያሸንፍ በትከሻው ተሸክሞ፣ ወሩ ሲያልቅ ደመወዙን ይረሳል። ይህ ልማድ በአፍሪካ ውስጥ የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ የነጭ አሠልጣኝ ጉዳይም ብቻ አይደለም። የውጭ አገር ሰው ሳይከፈለው ሲቀር ይናገራል፣ ዓለም አቀፉ ማኅበርም ይሰማዋል። የእኛው ተወላጅ አሠልጣኝ ሳይከፈለው ሲቀር ግን ወደ ማን ይጮኻል?

ከዚያ በኋላ ያለው የሚቾ ጉዞ ወጣ ገባ ነው። በኦርላንዶ ፓይሬትስ ሁለት ዓመት ተቀምጠው ሁለቱንም ዓመት ሁለተኛ ወጡ፤ በ2018 ታኅሣሥም በአንድ የዋንጫ ፍጻሜ በባሮካ በፍጹም ቅጣት ምት ተረቱ። በ2019 የግብፁን ዛማሌክ ይዘው በመስከረም ወር ፒራሚድስን ሦስት ለባዶ አሸንፈው የግብፅን ዋንጫ አነሡ፤ ወራት ሳይቆዩ ግን ተሰናበቱ። በ2020 ዛምቢያን ተረከቡ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ያንን ቡድን ይዘው አዲስ አበባ መጥተው ከብሔራዊ ቡድናችን ጋር ሁለት የወዳጅነት ጨዋታ ማድረጋቸውን የምታስታውሱ አላችሁ። ዛምቢያ ለአፍሪካ ዋንጫ ሳትበቃ በመቅረቷ በሐምሌ 2021 ተለያዩ፤ በዚያው ወር ወደ ኡጋንዳ ተመለሱ። ሁለተኛው የኡጋንዳ ቆይታ እንደ መጀመሪያው አልሆነም፤ በመስከረም 2023 በስንብት አበቃ። ከዚያ በኋላ የሊቢያን ብሔራዊ ቡድን ይዘው ነበር።

በዚህ መካከል የሆነ አንድ ነገር አለ፤ ስለ ሰው ሲነገር የሚያምረውን ብቻ መርጦ መናገር አድማጭን መናቅ ስለሚሆን አልዘልለውም። በታኅሣሥ 2021 የደቡብ አፍሪካ ፍርድ ቤት ሚቾን በጾታዊ ጥቃት ጥፋተኛ ብሎ የሦስት ዓመት እስራት በገደብ ፈርዶባቸዋል። ነገሩ ደረሰ የተባለው በ2020 የዛምቢያ አሠልጣኝ ሆነው ሳለ በዚያ አገር በተደረገ ውድድር ጊዜ ነው። እርሳቸው ክሱን ክደው ነበር። በየከተማው እየተከበረ፣ በየሆቴሉ እየተስተናገደ የሚኖር ሰው፣ የሚያስተናግዱት ሰዎች ክብር እንደ እርሱ ክብር የሚቆጠር መሆኑን የሚያስታውስ ሕግ መኖሩ ተገቢ ነው። ቡድን የሚሰጡ ፌዴሬሽኖችም የአሠልጣኙን የዋንጫ ቁጥር ብቻ መመልከት እንደማይበቃቸው ከዚህ ሊያውቁት ይችሉ ነበር።

አሁን ወደ ቡናው አገር ልመለስ።

በበበቃ የቡና እርሻ የሠራ ሰው እንደሚያውቀው ፍሬው በችግኝ ጣቢያ ተዘርቶ፣ ጥላ ተሠርቶለት፣ ውኃ እየጠጣ አንድ ዓመት ያህል ይቆያል። ከዚያ ክረምት ሲገባ ወደ እርሻው ይወጣል። ተተክሎም ሦስትና አራት ዓመት ሳይሞላው አጥጋቢ ፍሬ አይሰጥም። በሁለተኛው ዓመት ላይ ገበሬው ተበሳጭቶ ቡናውን ነቅሎ ሌላ ቢተክል፣ እንደገናም ቢነቅል፣ ሃያ ዓመት ቢደክም አንድ ስኒ ቡና አይጠጣም። ሚቾ ከ2001 ወዲህ የያዙትን ቡድን ስንቆጥር አሥር ያህል ይሆናል። ሥራቸው ያማረባቸውን ቦታዎች ብንለይ ግን ሦስትና አራት ዓመት የቆዩባቸው ናቸው፤ ቪላ፣ ጊዮርጊስ፣ የመጀመሪያው ኡጋንዳ። ለወራት ብቻ የተቀመጡባቸው ቦታዎች አንዱ ዋንጫ፣ ሌላው ሽንፈት ሆነው አልፈዋል፤ ከኋላቸው የተወለደ ተጫዋች አይታይም።

እንግዲህ የውጭ አሠልጣኝ ማምጣት ይገባል ወይስ አይገባም ተብሎ በየቡና ቤቱ የሚደረገው ክርክር በእኔ አስተያየት ጥያቄውን አጣምሞ የያዘ ነው። ታሪካችንን ብናይ፣ ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በጥር 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት አራት ለሁለት አሸንፋ ነው፤ የቡድኑ መሪ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። አቶ ይድነቃቸው የተወለዱት ደግሞ በዚሁ በቡናው አገር፣ በጅማ ከተማ፣ በ1914 ዓ.ም. ነው፤ ድምፃቸውን በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። ለቅዱስ ጊዮርጊስ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተው፣ አሠልጥነው፣ ኋላም ከ1972 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 1987 ድረስ የመላ አፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ስለ ዓለም አቀፍ የኳስ ሥራ ከተነሣ ከጅማ የተነሣ ሰው የደረሰበት ደረጃ ይህ ነው።

ከሠላሳ አንድ ዓመት መለየት በኋላም በ2013 ወደ አፍሪካ ዋንጫ የመለሱን አሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ናቸው። በ2003 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ያስገኙት አሠልጣኝ ውበቱ አባተ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን ይዘው በካሜሩን ለተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ በቅተዋል። የሰውነት ቢሻው ቡድን አምበል ደጉ ደበበና በዛምቢያ ላይ ግብ ያስገባው አዳነ ግርማ ግን የቅዱስ ጊዮርጊስ ልጆች ነበሩ። ክለቡን ደግሞ ከጥቂት ዓመታት በፊት ማን እንደ መራው ታውቃላችሁ። የእንግዳውና የባለአገሩ ሥራ እንዲህ ተያይዞ ሲገኝ አንዱን ለማሞገስ ሌላውን መስደብ ምን ይረባል?

እውነተኛው ጥያቄ ሌላ ነው፤ አሠልጣኙ ማንም ይሁን ማን፣ የሚመርጣቸውን ልጆች ከየት ያያል? ሚዛን ተፈሪ ከአዲስ አበባ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ዝናሙ ብዙ ነው፤ ከዓመቱ ወራት አብዛኛው እርጥብ ነው። ሜዳው ጭቃ ሲሆን ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ይጫወታሉ፤ ጫማ ያለው ልጅም ጫማው እንዳይበላሽበት በእግሩ ይጫወታል። በቡና ለቀማ ወራት ጨዋታው ይቋረጣል፤ ብርቱው ልጅ እናቱን ለመርዳት ቅርጫት ይዞ ይወጣልና። ከትምህርት ቤት የስፖርት አስተማሪ በቀር ይህን ልጅ ማንም አያውቀውም። አስተማሪውም ቢያውቀው የሚያስታውቅበት ሰው የለውም። እኔ ከሰማሁት ሁሉ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ልጁ በአሥራ ሰባት ዓመቱ ጎበዝ ነበር ተብሎ ይነገርለታል፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ጀንፈል ሲያሸክም ታገኙታላችሁ።

ስለ አገራችን ተክል አንድ ነገር ላንሣ። ጌሻ ከሚባለው፣ ከሚዛን ብዙ ከማይርቀው አገር ዱር በ1930ዎቹ ዓመታት የቡና ፍሬ ተለቅሞ ወጣ። በኬንያና በታንጋኒካ የምርምር ጣቢያዎች አልፎ በ1953 ኮስታ ሪካ ደረሰ፤ ከዚያም ፓናማ ገባ። እዚያም ለብዙ ዘመን ቸል ተብሎ ኖረ። በ2004 አንድ ቤተሰብ ያንን ቡና ለብቻው ለይቶ ለውድድር ባቀረበው ጊዜ ዳኞቹ ተገረሙ፤ ዋጋውም ከዚያ በፊት ለቡና ተከፍሎ ከማያውቀው በላይ ወጣ። ዛሬ የቡና አዋቂዎች ሁሉ ስሙን ይጠሩታል። ቡናው በ2004 አልጣፈጠም፤ በዱሩ ሳለም ጣፋጭ ነበር። የጎደለው ለይቶ የሚቀምሰው ሰው ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ተቋቁሟል፤ ከዚያ በፊት በ1999 ዓ.ም. የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ በሁለቱ ከተሞች ተከፍቷል። ሜዳና የተማረ ሰው ያለበት ተቋም በአጠገብ መገኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። በቴፒም ሆነ በበበቃ የቡና እርሻዎቹ ለሠራተኞቻቸው ልጆች የሚሆን ሜዳ መጥረግ የሚከብዳቸው አይመስለኝም። ለቀማው ሲያልቅ በሚዛን፣ በሸኮ፣ በቴፒና በቦንጋ ወጣቶች መካከል ውድድር ቢደረግ፣ የአዲስ አበባ ክለቦችም በዓመት አንድ ጊዜ አንድ ተመልካች ቢልኩ፣ ወጪው የአንድ የውጭ ተጫዋች የአውሮፕላን ቲኬት ያህል ቢሆን ነው። ቡና የሚለውን ስም የተሸከመው ክለብማ ከሁሉ አስቀድሞ ቢመጣ ደስ ይለኛል። የጊዮርጊስ ሰዎች ቀድመውት ቢደርሱ ግን አልቀየማቸውም፤ ልጁን የሚያየው ሰው ይገኝ እንጂ።

ሚቾ ዴኒስ ኦንያንጎን ያገኙት በካምፓላ ነው። ካምፓላ ከአዲስ አበባ ያላት ርቀት ከሚዛን ተፈሪ እጥፍ በላይ ነው፤ በመካከሉም ድንበር አለ፤ ፓስፖርት ይጠየቃል። ወደ ሚዛን የሚወስደው አውቶቡስ ግን ከአዲስ አበባ መናኸሪያ ማለዳ ይነሣል።